የግርጌ ቁጥር ሲጠፋ ውህዱ ይለወጣል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም አካባቢ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የኬሚካል ውህዶችን ሞላር ማስ ከፎርሙላቸው፣ ማለትም በውስጣቸው ያሉት አቶሞች በፊደልና በቁጥር ከሚገለጹበት ጽሑፍ፣ ተነስቶ ስለ ማስላት ሲሆን፣ ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ ከመማሪያ ክፍል የማያልፍ ቢመስልም የማዳበሪያውን ከረጢት፣ የኖራውን ክምርና የፈተናውን ውጤት በአንድነት የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባቢዎቻችሁ እንዲደርስልኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ያስጀመረኝ አንድ የፈተና ወረቀት ነው። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከሌላ ቦታ ተባዝቶ የመጣ ፈተና ለተማሪዎቻችን ታድሎ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ በከተሞች የመጠጥ ውሃ ለማጣራት የሚጨመረውን የአሉሚኒየም ሰልፌት ፎርሙላ ብቻ ሰጥቶ ሞላር ማሱን አስሉ ይላል። ትክክለኛው ፎርሙላ አሉሚኒየም ከግርጌው 2፣ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ ሰልፈርና ከግርጌው 4 ያለበት ኦክስጅን፣ ከቅንፉ ውጭ ደግሞ በግርጌ 3 ነው። በወረቀቱ ላይ ግን ቅንፉ ወድቋል፤ የግርጌ ቁጥሮቹም ከፊደሎቹ እኩል ገዝፈው በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። በዚህም ምክንያት 4 እና 3 ጎን ለጎን ገጥመው 43 ሆኑ። በመልስ ቁልፉ መሠረት የስህተት ምልክት ያደረግሁባት አንዲት ተማሪዬ በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ መጣች። በኅዳጉ ላይ 43ን በኦክስጅን የአቶም ክብደት በ16 ስታባዛ 688 ማግኘቷ በእርሳስ ተጽፎ ይታያል፤ ከሥሩ የአሉሚኒየሙን 54 እና የሰልፈሩን 32 ደምራ 774 ብላለች። ቁልፉ የሚለው 342 ነው። ልጅቱ «ቲቸር፣ ኦክስጅኑ 43 ነው የሚለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የተሰጣትን በትክክል አንብባ፣ በትክክል አባዝታ፣ በትክክል ደምራለች፤ የተሳሳተው የተሰጣት ነገር ነው። ነጥቧን መለስኩላት፤ ነገር ግን ያው ወረቀት የተሰጣቸው የሌሎች ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ምን እንደ ሆኑ እስካሁን ያሳስበኛል።

ከዚህ ትምህርት የራቁ አንባቢዎች እንዲከተሉኝ ትንሽ ላብራራ። ሞላር ማስ ማለት የአንድ ውህድ አንድ ሞል በግራም ስንት እንደሚመዝን የሚገልጽ መጠን ነው። ሞል ደግሞ የቁጥር ስም ነው፤ እንቁላል በደርዘን እንደሚቆጠር ሁሉ አቶምና ሞለኪውል በሞል ይቆጠራሉ። ልዩነቱ የቁጥሩ ግዝፈት ሲሆን፣ ከ6 ቀጥሎ 23 ዜሮዎች ተደርድረው ከሚገኘው ቁጥር በጥቂቱ ይበልጣል። ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ቁጥር በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ቁርጥ ሆኖ ተደንግጓል፤ ከዚያ በፊት ሞል የሚተረጎመው «ካርቦን 12» ከሚባለው የካርቦን ዓይነት በ12 ግራም ውስጥ በሚገኙት አቶሞች ብዛት ነበር። ለተማሪዎቼ ይህን የምገልጽላቸው በእህል ነው። አንድ ሺህ ፍሬ ጤፍና አንድ ሺህ ፍሬ ባቄላ በቁጥር እኩል ናቸው፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይቀራረብም። የውሃ አንድ ሞልና የገበታ ጨው አንድ ሞልም እንደዚሁ በቁጥር እኩል ሆነው፣ የመጀመሪያው 18 ግራም፣ ሁለተኛው 58.5 ግራም ይመዝናሉ።

ስሌቱ ራሱ ማባዛትና መደመር ብቻ ነው። በፎርሙላው ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር አቶሞች ቆጥሮ፣ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ በተሰጠው የአቶም ክብደት አባዝቶ፣ ሁሉንም መደመር ነው። በክፍል ውስጥ ሃይድሮጅንን 1፣ ካርቦንን 12፣ ናይትሮጅንን 14፣ ኦክስጅንን 16 እያልን እንሠራለን፤ ክሎሪንን ግን 35.5 እንላለን። ተማሪዎች ይህችን ግማሽ ስለማይወዷት 36 ሊያደርጓት ይሞክራሉ። በተፈጥሮ የሚገኘው ክሎሪን 35 እና 37 የሚባሉት ሁለት ዓይነት አቶሞች ድብልቅ ስለ ሆነና 35 የሚባለው ስለሚበዛ፣ አማካዩ ወደ 35 አዘንብሎ 35.45 ላይ ይውላል። ይህን አንድ ጊዜ የተረዳ ተማሪ ግማሿን ደግሞ አይነካትም።

እንግዲህ በማባዛትም በመደመርም የሚቸገር ተማሪ እምብዛም የለኝም። የሚቸገሩት በማንበብ ነው። ፎርሙላ ይነበባል፤ ንባቡም እንደ ማንኛውም ንባብ የራሱ ሥርዓት አለው። ይህንን ለማስረዳት ከራሳችን ፊደል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። «በ» የሚለውን ፊደል ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከግርጌው ትንሽ መስመር ሲቀጠልበት «ቢ»፣ ቀለበት ሲቀጠልበት «ቤ» ይሆናል። ያቺ ከእግሩ ሥር የምትውለው ምልክት ትንሽ ናትና ትለፍ ያለ የፊደል መምህር አላውቅም። በቅኔ በሚታወቀው አገራችን፣ እነ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት ምድር፣ አንዲት ፊደል ስትዛነፍ ምስጢሩ እንደሚፈርስ ከማንም በላይ እኛ እናውቃለን። በፎርሙላ ውስጥ ያለው የግርጌ ቁጥርም እንደዚያ ነው። ለንጥረ ነገሮች የፊደል ምልክት የሰጠው ስዊድናዊው ኬሚስት በርዜሊየስ መጀመሪያ ቁጥሮቹን የሚያስቀምጠው በግርጌ ሳይሆን በራስጌ ነበር፤ በኋላ ወደ ግርጌ ወረዱ። ስለዚህ ዋናው ነገር ቁጥሩ ከፊደሉ ተለይቶ፣ የማን እንደ ሆነ ታውቆ መቀመጡ ነው።

ፊደላችን የማያስተምረን ነገር ደግሞ አለ። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለ፣ ልጆቻችን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ትልቁን ከትንሹ መለየት እንደ ጌጥ ይቆጥሩታል። ትልቅ «ሲ» እና ትልቅ «ኦ» አንድ ላይ ሲጻፉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ይህም በር ተዘግቶ ከሰል በነደደበት ቤት ሰው የሚገድለው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ሲሆን ሞላር ማሱ 28 ነው። ትልቅ «ሲ» እና ትንሽ «ኦ» ከሆኑ ግን ኮባልት የሚባል ብረት ነው፤ እሱም 59 ይመዝናል። አንዱ ሁለት አቶሞች የተጣመሩበት ጋዝ፣ ሌላው ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ሁሉም ፊደል በትልቁ ሲታተም ተማሪው ሊለያቸው የሚችልበት መንገድ የለውም።

ቅንፍን በተመለከተ በክፍሌ ያየሁትን ልንገርዎ፤ በጣም ያስተማረኝ ይህ ነውና። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የገበሬ ልጆች ስለ ሆኑ ዩሪያን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ተሸክመውታል፣ በእጃቸው በትነውታል። ስለዚህ የዩሪያን ፎርሙላ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው፤ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ አንድ ናይትሮጅንና ሁለት ሃይድሮጅን፣ ከቅንፉ ውጭ 2። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣና 46 አለ። ጨምሮም «ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው» አለ። ክፍሉ በሙሉ ተስማማ። ከረጢቱ ላይ በእርግጥ 46 ተጽፏል። የዩሪያ ሞላር ማስ ግን 60 ነው።

ልጁ 46ን እንዴት እንዳገኘው ሰሌዳው ላይ እንዲያሳየን ጠየቅሁት። ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16፣ ናይትሮጅን 14፣ ሃይድሮጅን ሁለት ጊዜ ሁለት 4 አለና ደመረ። ከቅንፉ ውጭ ያለችውን 2 ለአጠገቧ ለሃይድሮጅኑ ብቻ ሰጥቷት፣ ናይትሮጅኑን ረስቶታል። ቅንፍ ማለት በውስጡ ያለው ሁሉ በእኩል ይባዛል ማለት ስለ ሆነ፣ ናይትሮጅኑ ሁለት ሆኖ 28፣ ሃይድሮጅኑ አራት ሆኖ 4፣ ድምሩም 60 ይሆናል። ከረጢቱ ላይ ያለው 46 ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከመቶ ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ናይትሮጅኑ 46 ኪሎ ነው ማለት ነው። እሱንም ከሞላር ማሱ እናገኘዋለን፤ 28ን ለ60 ስናካፍል ከመቶ 46.7 ይመጣል። ሁለቱ ቁጥሮች የተገናኙት በአጋጣሚ ብቻ ነው። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ትምህርቱን ከቤቱ ጋር ለማገናኘት የሞከረ ብቸኛው እሱ ነው። መልሱ ከሚያውቀው ቁጥር ጋር ስለ ገጠመለት ብቻ ስህተቱ ተሸፍኖ ሊቀር ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የተማሪ የመጨረሻ ቁጥር ትክክል ነው ወይስ አይደለም ከማለቴ በፊት የአቶሞቹን ቆጠራ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ።

ከዩሪያው ጎን ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ አለ፤ ከረጢቱ ላይ ናይትሮጅን 19፣ ፎስፎረስ 38፣ ሰልፈር 7 ተብሎ ይነገርለታል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው እንደ ተነገሩት ናቸው። መካከለኛው ግን የፎስፎረስ ቁጥር አይደለም። በማዳበሪያ ንግድ ከጥንት በወረደ ልማድ ፎስፎረስ የሚገለጸው ሁለት ፎስፎረስና አምስት ኦክስጅን ባለበት ኦክሳይድ መጠን ነው። የዚህ ኦክሳይድ ሞላር ማስ 142 ሲሆን ከዚያ ውስጥ ፎስፎረሱ 62 ብቻ ነው፤ ይህም ከመቶ 43.7 ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ በአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ 38 ኪሎ ሳይሆን 16.6 ኪሎ ያህል ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የአገላለጽ ስምምነት ነው። ሆኖም በመገናኛ ብዙኃን «38 በመቶ ፎስፎረስ» እየተባለ ሲነገር ስሰማ፣ በሦስት መስመር ስሌት የሚታረም ነገር ለምን ይተላለፋል እላለሁ።

ኖራን ስናነሳ ደግሞ ችግሩ ከቁጥር ወደ ስም ይሸጋገራል። በአዊ፣ በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም ደጋዎች የሚዘንበው ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ እያጠበ ስለሚወስደው፣ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ የተፈታው አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ለዚህም ማሳ ላይ ኖራ ይበተናል። በአማርኛ ግን «ኖራ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ተፈጭቶ ማሳ ላይ የሚበተነው የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አንድ ካልሲየም 40፣ አንድ ካርቦን 12፣ ሦስት ኦክስጅን 48፣ በድምሩ 100። ድንጋዩ በእቶን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል፤ እሱም 56 ነው። በዚህ ላይ ውሃ ሲጨመር እየፈላ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ ካልሲየሙ 40፣ ቅንፍ ውስጥ ያሉት ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ሁለት ሁለት ጊዜ 34፣ ድምሩ 74። ሦስቱም ነጭ ናቸው፤ ሦስቱንም ሰዉ ኖራ ይላቸዋል።

ሞላር ማሱ ለገበሬው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዳቸው አንድ ሞል የሚያረክሰው የአሲድ መጠን እኩል ነው። ስለዚህ ንጹሕ ቢሆኑ መቶ ኪሎ ካልሲየም ካርቦኔት የሚሠራውን ሥራ 56 ኪሎ ካልሲየም ኦክሳይድ ወይም 74 ኪሎ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሠራዋል። በእርግጥ የድንጋዩ ንጽሕናና የዱቄቱ ልመት ስሌቱን ይለውጡታል፤ የተቃጠለው ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥልም እንደ ተፈጨው ድንጋይ በባዶ እጅ አይያዝም። ቢሆንም «ኖራ ይህን ያህል ኩንታል» ተብሎ ሲነገር የትኛው ኖራ እንደ ሆነ ካልተነገረ፣ ሰሚው ሊሳሳት የሚችለው በእጥፍ ሊቀርብ በሚችል መጠን ነው። ስሙ የማይለየውን ፎርሙላው ይለየዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ከኖራ ድንጋዩ ጋር የጀሶ ድንጋይ መኖሩን ያውቃል። የጀሶ ፎርሙላ ካልሲየም ሰልፌት፣ ከዚያ ከፍ ያለች ነጥብ፣ ከዚያ ሁለት ውሃ ነው። ይህችን ነጥብ ተማሪዎች ከሒሳብ ትምህርት ስለሚያውቋት የማባዛት ምልክት ያደርጓታል፤ 136ን በ36 አባዝተው 4,896 ይሉኛል። ነጥቧ ግን ውሃው በጠጣሩ ውስጥ አብሮ መኖሩን ስለምትገልጽ፣ ስሌቱ 136 ሲደመር 36፣ ማለትም 172 ነው። ይህን በቃል ብቻ መንገር እንደማይበቃ ስለተረዳሁ፣ ነጥቧ ያለችበትን ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት አሳያቸዋለሁ። በእሱ ፎርሙላ አምስት ውሃ አለ፤ ደረቁ 160፣ ውሃው 90፣ ድምሩ 250። 25 ግራም መዝነን በሸክላ ሳህን ላይ በዝግታ እናሞቀዋለን። ሰማያዊው መልክ ከዳር ጀምሮ እየሸሸ ይነጣል፤ ከላይ በተያዘው ቀዝቃዛ መስተዋት ላይም ጠል ይቋጠራል። ሲበርድ ስንመዝነው ወደ 16 ግራም ይወርዳል። የጎደለው 9 ግራም በፎርሙላው መጨረሻ የነበረው ውሃ ነው። አንድ ጠብታ ውሃ መልሰን ስናደርግበት ሰማያዊነቱ ወዲያው ይመለሳል። ይህን ያየ ተማሪ ነጥቧን ሲያባዛ አላጋጠመኝም። ሚዛንና ጥቂት ኬሚካል የሌለው ትምህርት ቤት ግን ይህን ማሳየት አይችልም፤ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች በዙሪያችን ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የኬሚስትሪ ፈተና የሚያዘጋጁ ሁሉ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ተባዝቶ የወጣውን የመጨረሻውን ወረቀት የትምህርቱ መምህር እንዲያየው ያድርጉ፤ ቁጥሩ ከግርጌ መሆኑን፣ ቅንፉ መኖሩን፣ ፊደሉ ትልቅና ትንሽ ሆኖ መለየቱን ለማየት ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የሥራ ባልደረቦቼ የሆኑ መምህራንም ተማሪው የሒሳብ ማሽን ከመንካቱ በፊት በፎርሙላው ውስጥ ያሉትን አቶሞች በስማቸው ቆጥሮ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ቢያለማምዱ፣ ከምናርመው ስህተት ብዙው ከምንጩ ይደርቃል። ጋዜጣችሁም ስለ ማዳበሪያና ስለ ኖራ ሲጽፍ፣ ቁጥሩ የንጥረ ነገሩ ይሁን የኦክሳይዱ፣ ኖራውም የተፈጨው ይሁን የተቃጠለው እንዲለይልን እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ፎርሙላ በምልክት አለመጻፌን አንባቢ ያስተውል ይሆናል። ሁሉንም በቃል ያሰፈርኩት ደብዳቤው ሲተየብና ሲታተም የግርጌ ቁጥሮቹ ከፊደሎቹ ጋር እኩል እንዳይሰለፉ ሰግቼ ነው። በቀጣይ የምጽፍልዎን በምልክት ጽፌ እንድልክ፣ ማተሚያችሁ የግርጌ ቁጥርን በቦታው ማስቀመጥ ይችል እንደ ሆነ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የኬሚስትሪ መምህር
ከፍኖተ ሰላም፣ ምዕራብ ጎጃም